የፋታ ሒሳብ

በፊንላንድ ሰሜን፣ በካያኒ ወንዝ ዳር፣
ወረቀት ይዳመጥ፣ ይጠቀለል ነበር።
ዛሬ በዚያው አዳራሽ፣ የድሮው ማሽን ተነቅሎ፣
አራት ሺህ ኮምፒውተር ቆሟል በኬብል ተቀጣጥሎ።
ወንዙ በቧንቧ ገብቶ ትኩሳቱን ያበርዳል፤
ሙቀቱ ከተማ ወርዶ በየቤቱ ያድራል።

ሲርካ ትባላለች። ሥራዋ ማካፈል ነው።
"የባሕሩ በረዶ መቼ ይሰነጠቃል?" ብለው ያመጡላታል፤
ጥያቄውን ቆርሳ ለአራት ሺው ታድለዋለች፣
መልሱን ከየደጁ ለቅማ መልሳ ትሰፋዋለች።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ ላንድ ሰው ሸክሙ፤
ተረቱን እዚያ የሚያውቅ የለም፣ ማሽኑ ነው ትርጉሙ።

ተረቱ ግን ያልነገረን አለ፦
ሎሚዎቹ ተመልሰው ሲሰበሰቡ
ማን መንገድ ላይ ቀረ? ማንን ነው የሚጠብቁ?
"አንዱ ይቅር" አይባልም፤
አንዷ ሎሚ ከጎደለች በረዶው በውሸት ይሰነጠቃል።

በሺህ ሞከረችው፤ ፈጠነ። በሁለት ሺህ፤ ፈጠነ።
በአራት ሺህ ዘገየ። ብዛቱ ራሱ ሸክም ሆነ።

ታርሞ "ኬብሉ ነው" አለ፤
ሲሚንቶው ላይ በደረታቸው ተኝተው ኬብል ሲለኩ አመሹ።
ኬብሉ አልነበረም።
ሦስት ሳምንት፣ ግራፉ ጥርስ አውጥቶ ሲገለፍጥባት፣
እያንዳንዱን ለብቻው ጠየቀች፦ ሁሉም ፈጣን፣ ሁሉም ጤነኛ።
ዝግተኛ የለም፣ ሰነፍ የለም፤
ታዲያ ዝግመቱ የማን ነው?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አገኘችው፤ ትንሽ ነገር፣ ክፋት የሌለበት።
በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ አንዲት ጠባቂ ፕሮግራም
በየሰከንዱ ብድግ ትላለች፦
"አለህ? ደህና ነህ? አልሞቀህም?"
ትጠይቅና ትተኛለች።
ዓይን እንደ መጨፈን ናት፤ ከዚያም ያነሰች።
ግን አንዱ አሁን ይጨፍናል፣ አንዱ ቀጥሎ፣ አንዱ ከዚያ ወዲያ፤
ሁልጊዜ አንድ ያልነቃ አለ፣
ሁልጊዜ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ
ደጅ ይጠናሉ።

"ጠባቂዋን እናጥፋት" አለ ታርሞ። አጠፏት። በረረ።
በሦስተኛው ቀን ከሰባተኛው ረድፍ አንዱ ሞተ፤
የሚጠይቅ ስላልነበረ ማንም አላወቀ፤
ሁሉም የሬሳ ደጅ ሲጠኑ አደሩ።

እሑድ አባቷን ልትጠይቅ ሄደች፤ ኦይቫ፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፤
እዚያ አዳራሽ ነው የቀረችው የግራ እጁ ትንሿ ጣቱ፤
ጆሮውም እዚያው።
እየጮኸች ነገረችው፣ በማንኪያና በሹካ እየደረደረች።
ሳቀ።
"እኛስ ምን ነበርን? አርባ ሰው ባንድ ሉክ ወረቀት ላይ።
አንዱ ሲጋራ አምሮት፣ አንዱ ሽንቱ መጥቶ፣
በየራሱ ሰዓት ቢወጣ፣ ወረቀቱ ሲበጠስ ይውላል።
ጡሩምባ ነበረን። ሲነፋ፣ አርባችንም።
ጥቁር ዳቦ፣ ጥቁር ዝምታ።
ደግሞ ሲነፋ፣ አርባችንም።
ሥራውን አካፈልሻቸው፤
ዕረፍቱንስ ማን ያካፍላቸው?"

ሾርባዋን አልጨረሰችም።

ሰኞ ጡሩምባ ጻፈች፤ አሥራ ሰባት መስመር።
ጠባቂዎቹ ተመለሱ፤ ግን ባንድ ቅጽበት ይነሣሉ፣
አራት ሺው ባንድ ላይ ጨፍነው፣ ባንድ ላይ "አለን" ይላሉ።
የግራፉ ጥርስ ረገፈ፤ ሁለት ሦስት መንጋጋ ሲቀር።
በስምንት ሺህ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፤
በጀቱ ገና አልተፈቀደም።

ማታ ኦይቫ ራዲያተሩ ላይ አራት ጣት መዳፉን ጫነ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።
"ይኸው፣ አሁን አረፉ" አላት።

ውሃው ከአዳራሹ እዚያ ቤት ለመድረስ
ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል።
አላረመችውም።